ከሊማሊሞ ሥር የሚሰማ ከበሮ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት፤ ነፋሷ ብርቱ፥ በክረምትም ጭጋጓ ወፍራም ነው። ከእርስዋ ጥቂት ወዲያ ሲሉ ምድሩ በድንገት ይቈረጣል፤ ሊማሊሞ የሚባለው ታላቅ ገደል ከእግር ሥር ይከፈታል፤ መንገዱም እየተጠማዘዘ ቍልቍል ይወርዳል። በዚህ ቍልቍለት ሥር፥ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ስፍራ ድብ ባሕር ትባላለች። ስሟ ባሕርን ይጥራ እንጂ፥ ከእርስዋ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው የሚታየው ተራራ ከተራራ በላይ ተደራርቦ ነው።

መንገዱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ ወዲህ፥ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ከተማዪቱ የሚመጣው ነጋዴ ይህን ገደል እየወጣ ይገባ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በየካቲት ወር 1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲሄድ የወጣው በዚሁ ነው። መኪና እንዲሄድበት ገደሉ የተቈረጠው ግን በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሆን፥ ከገደሉ አናት በወልቀፊት ምሽግ ይዞ የነበረው የጣልያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጥቷል። በ2013 ዓ.ም.ም የጦርነት ድምፅ በዚህ አገር እንደ ገና ተሰምቶ ብዙ ሕዝብ ተጨንቋል። እነዚህ ገደሎች የመድፍን ጩኸት አስተጋብተዋል፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው እንዲሰማቸው የሚወድደው ድምፅ ሌላ ነው፤ እርሱም የከበሮ ድምፅ ነው።

በማኅሌተ ጽጌ ወራት፥ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ጊዜ፥ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ገጠር ደብር የሚሄድ ሰው ከበሮን ደረጃ በደረጃ ይሰማዋል። ገና ከወንዝ ማዶ ሳለ ወደ ጆሮው የሚደርሰው የሰፊው አፍ ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ሩቅ ይሄዳልና። ጥቂት ሲቀርብ የጠባቡ አፍ ቀጭን ምላሽ ይጨመርለታል። ወደ ቅጽሩ ሲደርስ የጸናጽሉን ድምፅ ይለያል። የሊቃውንቱን ቃል አጥርቶ የሚሰማው ግን በሩን ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ በገደልና በሸለቆ መካከል ለሚኖር ሕዝብ ከበሮ እንደ ደወል ሁሉ የሩቁን ሰው ወደ ጸሎት የሚጠራ ድምፅ ነው።

ከበሮን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በቤተ ክርስቲያን ሰምተነዋል፥ በሠርግ ቤት አጨብጭበንለታል። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ፥ እንዴት እንደሚመታ፥ ከወዴትም እንደ መጣ ጠይቀን የተረዳን ጥቂቶች ነን። ከዚህም በላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከበሮ የሚታየው እንጨቱና ቆዳው ነው፤ የማይታየው ግን ከመምህር እጅ ወደ ደቀ መዝሙር እጅ፥ ከእናትም እጅ ወደ ልጅ እጅ የሚተላለፈው ዕውቀት ነው። ይህም ዕውቀት ሰጪና ተቀባይ እስካሉት ድረስ ብቻ የሚኖር ነው።

ቅዱስ ያሬድና የሰሜን ተራሮች

ስለ ከበሮ ለመናገር ከሰሜን አገር መነሣት ያለ ምክንያት አይደለም። ድብ ባሕር ከራስ ደጀን ተራሮች ምዕራብ፥ ጥንት ጸለምት ይባል ከነበረው አገር አቅራቢያ ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነግረን፥ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው በያዙት ጦር እግሩን ወጉት፤ ያሬድም አልተሰማውም፥ ንጉሡም አላወቁም። ዜማው በተፈጸመ ጊዜ ግን ንጉሡ ደሙን አይተው ደነገጡና የሚፈልገውን ሁሉ እንዲለምናቸው ነገሩት። እርሱም ሹመትና ሀብት አልለመነም፤ ወደ ምናኔ እንዲሄድ እንዲያሰናብቱት ብቻ ለመነ። ከዚህ በኋላ ወደ ጸለምትና ወደ ሰሜን ሄዶ እያስተማረ ኖረ፤ በዚያም ተሰወረ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። ከሰሜን ተራሮችም አንዱ እስከ ዛሬ አባ ያሬድ እየተባለ ይጠራል።

በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ ዜማ በድጓ፥ በጾመ ድጓ፥ በምዕራፍ፥ በዝማሬና በመዋሥእት ተጽፎ ይገኛል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። እንግዲህ ድፋቱ፥ ቅናቱ፥ ሂደቱና ርክርኩ በብራና ላይ ስለ ተጻፈ፥ ለድምፁ የመጽሐፍ ምስክር አለው። የከበሮውን አመታት ግን ደቀ መዝሙሩ የሚቀበለው የመምህሩን እጅ አይቶ፥ በጆሮው ሰምቶ፥ በገዛ እጁም ደጋግሞ ነው።

ከበሮ፥ አታሞ፥ ነጋሪት

በአገራችን የሚመቱት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ከበሮ የሚባለው ሁለት አፍ ያለው ነው፤ አንደኛው አፍ ሰፊ፥ ሁለተኛው ጠባብ ሲሆን፥ ሁለቱም በቆዳ ተወጥረው በእጅ ይመታሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ትልቅና ከባድ ነው፤ የዘፈኑና የሠርጉ ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ያነሰና የቀለለ ነው። አታሞ ደግሞ ትንሽ ነው፤ በብብት ይያዛል ወይም በጭን ላይ ይቀመጣል፥ በመዳፍና በጣት ይመታል፤ በተለይም የሴቶች ጨዋታ ጓደኛ ነው። ነጋሪት ግን ከእነዚህ ይለያል። አንድ አፍ ብቻ ያለው፥ ሆዱ እንደ ድስት የሆነ መሣሪያ ሲሆን፥ የሚመታውም በዱላ ነው። ስሙ ከ«ነገረ» እንደ ወጣ ሁሉ፥ ሥራውም የንጉሥን ዐዋጅ ለሕዝብ መንገር ነበር። በጎንደር ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ክብር መለኪያ ነበረ። ዛሬ ዐዋጅ በነጋሪት ድምፅ ባይነገርም፥ ሕግ የሚታተምበት ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን ጠብቆለት ይኖራል። ለወሎ መንዙማ ደግሞ ድቤ የሚባለው ይመታል።

ቋንቋችን ለነዚህ መሣሪያዎች የሰጠው ግስ እንኳ የተለያየ ነው። ነጋሪት ይጐሰማል፤ ከበሮ ይመታል ወይም ይደለቃል፤ ጸናጽል ይጸነጸላል። ሕዝብ ለአንድ ነገር የተለየ ቃል የሚያወጣው ከነገሩ ጋራ አብሮ ሲኖር፥ ጠባዩንም ለይቶ ሲያውቅ ነው።

የከበሮ አሠራር

ለከበሮ ከሚመረጡት ዛፎች ዋነኛው ዋንዛ ነው። ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ ስለ ሆነ የደባርቅን ብርድ አይወድም፤ ከሊማሊሞ ሥር ወዳለው ሞቃት አገር ሲወርዱ ግን ይስማማዋል። እንጨቱ ለመፈልፈል የማያስቸግር፥ ቶሎም የማይሰነጠቅ ነው። ጠራቢው የሚበቃውን ያህል ግንድ ቈርጦ ያደርቀዋል፤ ቀጥሎም ከሁለቱ ጫፎች በመሮና በመጥረቢያ እየፈለፈለ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ አንዱን አፍ ሰፊ፥ ሌላውን ጠባብ አድርጎ ያወጣዋል። ግድግዳው ከመጠን በላይ ቢወፍር ከበሮው ከባድ፥ ድምፁም የታፈነ ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ቢሳሳ ደግሞ ይሰነጠቃል። መጠኑን የሚያውቅ የጠራቢው እጅ ነው።

ከዚህ በኋላ የከብት ቆዳ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይለሰልሳል፤ ጠጕሩ ተፍቆ ይነሣል፤ ገና እርጥብ ሳለ በሁለቱ አፎች ላይ ይወጠራል። ከቆዳ በቀጭኑ የተቀደደ ጠፍርም ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሁለቱን አጥብቆ ያስራል። እርጥቡ ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኰማተር ውጥረቱ ይበረታል። በመጨረሻም ገላው ጨርቅ ይለብሳል፥ ማንገቻም ይደረግለታል። በዛሬ ጊዜ ገላቸው ከብረት የተሠራ ከበሮዎችም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይታያሉ።

ቆዳ የአየሩን ጠባይ ይከተላል። በክረምት፥ ጭጋግ በወረደበት ደጋ፥ እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ድምፁም ይደክማል። በቈላ ሙቀት ግን ይደርቃል፥ ድምፁም ይቀጥናል። ስለዚህ ከማኅሌት በፊት ከበሮን ወደ ፀሐይ ማውጣት ወይም ከእሳት ጥቂት ራቅ አድርጎ ማሞቅ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከበሮው አርጅቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሙቀት ሰጥቶ ድምፁን ይመልስለታል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ለእያንዳንዱ ክፍል ምሳሌ ይሰጡታል። ትርጓሜው እንደየጉባኤው ቢለያይም፥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ ነው፤ ሰፊው አፍ የመለኮት፥ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩ ጌታችን በተገረፈ ጊዜ በሰውነቱ ላይ የታየው ሰንበር፥ ጨርቁ ያለበሱት ልብስ፥ ማንገቻውም የታሰረበት ገመድ ምሳሌ ነው። እንግዲህ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ሆኖ ከበሮ ሲመታ የሚያየው ሕማማተ መስቀልን በዐይን የሚታይ ትምህርት አድርጎ ነው። ወላጆች ይህን ቢነግሩት፥ ማኅሌት ሲቆም ዐይኑ የሚፈልገውን ያገኛል።

እጅና አመታት

«ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው የአባቶች ተረት በእውነት የተፈተነ ነው። ለሚያየው ሰው ከበሮ መምታት መዳፍን ማንሣትና መጣል ይመስላል። ነገር ግን ድምፁን የሚወስኑት ነገሮች ብዙ ናቸው። ሙሉ መዳፍ ከሰፊው አፍ መካከል ቢያርፍ ድምፁ ወፍራምና ጥልቅ ይሆናል፤ ጣቶች ብቻ ከጠርዙ አጠገብ ቢያርፉ ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። እጅ መትቶ ወዲያው ቢነሣ ቆዳው እየተርገበገበ ድምፁን ይለቀዋል፤ መትቶ በቆዳው ላይ ቢቆይ ግን ድምፁ ይታፈናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ በየትኛው ቃል ላይ የትኛው እንደሚገባ ማወቅ ግን የዓመታት ትምህርት ነው።

በማኅሌት የከበሮ ስፍራ በሥርዓት የተወሰነ ነው። በመጀመሪያ ቃሉ በቁም ይባላል፤ በዚህ ጊዜ መሣሪያ የለም፥ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ቆመው መቋሚያቸውን ከዜማው ጋራ እያነሡና እያዘነበሉ ይዘምማሉ። ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት በመረግድ ነው። መረግዱ ንዑስና ዐቢይ ተብሎ ይከፈላል። ከበሮው በዝግታ በሚመታበት ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ መቺው ተቀምጦ መሣሪያውን ከፊቱ በምድር ላይ ያደርገዋል። ዜማው እየፈጠነ ወደ ጽፋት ሲደርስ ግን መቺው ከበሮውን በማንገቻው አንግቶ ይነሣል፤ በሁለቱ ረድፎች መካከል እየተመላለሰ ይመታል፤ ሊቃውንቱም በጭብጨባ ያጅቡታል። ወረብ ሲወረብም ከበሮና ጸናጽል አብረው ናቸው።

ከዚህ ሥርዓት የምንማረው አንድ ታላቅ ነገር አለ። ከበሮ የሚገባው ቃሉ በቁም ተሰምቶ ካበቃ በኋላ ነው። ሕዝቡ አስቀድሞ የሚባለውን ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ በሰማው ይደሰታል። ከበሮ መቺውም ዜማውን የሚከተል እንጂ የሚቀድም አይደለም። ብርቱ ክንድ ያለው ሁሉ ከበሮ መቺ የማይሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

ከደጋው አገር በአንዱ የአብነት ጉባኤ አንድ ታናሽ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ሲማር አየን። ከበሮው ገና አልተሰጠውም፤ ዜማውን እያለ በመዳፉ ጭኑን ይመታል። ጥቂት እንደ ሄደ ምቱ ከዜማው ተለየበትና ቆመ።

«የኔታ፥ እጄ ቀደመኝ» አለ።

«እጅህ አልቀደመህም፥ ልጄ፤ ጆሮህ ነው የቀረብህ። እንደ ገና ከቁሙ ጀምር» አሉት።

ልጁም ሳይከፋው ከቁሙ ጀመረ። ያን ቀን ከበሮውን ሳይነካ ዋለ።

የአቋቋም ትምህርት ዋና ምንጭ ጎንደር ናት። በአቋቋም የሚመረቁ ሊቃውንት የምስክር ቤታቸው በጎንደር ከተማ ያለችው በአታ ለማርያም ናት፤ ከልዩ ልዩ አውራጃ የሚመጡ ደቀ መዛሙርት ተምረው፥ ተፈትነውና ምስክር ሆነው የሚወጡት ከዚያ ነው። ጎንደርና ተክሌ እየተባሉ የሚታወቁት የአቋቋም ስልቶችም በዝማሜያቸውና በአመታታቸው ስለሚለያዩ፥ የሠለጠነ ጆሮ ከበሮውን ሰምቶ ብቻ መቺው ከማን ቤት እንደ ተማረ ሊያውቅ ይችላል።

ከበሮ በሠርግ ቤት

ከቅጽሩ ወጥተን ወደ ሠርግ ቤት ስንሄድ ከበሮን በሌላ ጠባይ እናገኘዋለን። በጎንደር አገር የሠርግን ከበሮ የሚመቱት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ከበሮዋን በትከሻዋ ያነገተች ወይም በጭኗ ላይ ያደረገች አንዲት ሴት ሰፊውን አፍ በአንድ እጅ፥ ጠባቡን በሌላው ትመታለች፤ አውራጇ ታወርዳለች፥ የቀሩት ይቀበላሉ፥ ጭብጨባውና እልልታው ይከተላል። በአማራ አገር የተለመደው ምት ችክችካ ይባላል። ሁለት ዋና ዋና ምቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ደግሞ በሦስት በሦስት ይከፈላሉ። እግር ከሁለቱ ጋራ ሲረግጥ፥ ትከሻ ከሦስቱ ጋራ ይንቀጠቀጣል፤ የእስክስታ ውበት ከዚህ ይወጣል።

በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ቃሉን ይከተላል፤ በሠርግ ቤት ግን ትከሻን ይመራል። እንጨቱ ያው ዋንዛ፥ ቆዳውም ያው የከብት ቆዳ ነው፤ የሚለያቸው ሥርዓቱ ነው። አባቶቻችንም የሠርጉን ከበሮ አልናቁትም፤ ለማኅሌት የተለየውን ግን ከመቅደሱ አውጥተው ለዘፈን አያውሉትም። ሁለቱን ለየብቻቸው አክብረው የያዙ በመሆናቸው ሁለቱም እስከ እኛ ደርሰዋል።

ይህም የሴቶች ትምህርት ጉባኤ ቤት የለውም፤ ትምህርት ቤቱ የጎረቤት ሠርግ ነው። ሴት ልጅ ከእናቷና ከአክስቶቿ አጠገብ ተቀምጣ ታያለች፤ ከበሮ ባታገኝ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ትሞክራለች፤ ትልልቆቹ ሲደክማቸው ተራ ይሰጧታል። አንድ ቀንም እጇ ሳታስበው ምቱን ይይዛል።

ከበሮ ከወዴት መጣ

ከበሮ በመጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ ይጠራል። የሙሴ እኅት ማርያም ከቀይ ባሕር መሻገር በኋላ ከበሮ ይዛ እንደ ዘመረች በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 እናነባለን፤ ዳዊትም በታቦቱ ፊት ከእስራኤል ቤት ጋራ ሲደሰት ከበሮ ነበረ፤ በመዝሙር 150ም ከምስጋና መሣሪያዎች ጋራ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ በዕብራውያን ዘንድ የነበረው መሣሪያ ክብ ጠርዝ ላይ ቆዳ የተወጠረበት፥ በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው የሚመታ ትንሽ መሣሪያ ነበር። ስሙንና አገልግሎቱን ከመጽሐፍ ብንወርስም፥ የኛ ከበሮ መልኩ የራሱ ነው።

እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ጽናጽል መሰል ናስና ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ታሰማለች እንጂ ከበሮ አትመታም። ከእርስዋ ጋራ ለብዙ መቶ ዓመታት አንድ ሆነን ስንኖር ከበሮን መያዛችን፥ መሣሪያው ከዚህ ከገዛ ምድራችን ወደ መቅደሱ እንደ ገባ ያስረዳል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በአገራችን ከመዳብ የተሠሩ ከበሮዎችንና በሁለት ወገን ቆዳ የተወጠረባቸውን የእንጨት ከበሮዎች እንዳየ ጽፏል። ስለዚህ ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት ያለው ሰው ዛሬ በድብ ባሕር የምናየውን ከበሮ ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም ነበር።

በዚሁ በሰሜንና በጎንደር አገር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም በጸሎታቸው ነጋሪትና ቃጭል ይመቱ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ በሚኖሩ ሰዎች መካከል እምነት ቢለያይም፥ እግዚአብሔርን በቆዳ መሣሪያ ማመስገን የጋራ ልማድ እንደ ነበረ ከዚህ እናያለን።

ወደ ሰፊው ዓለም ብንመለከት፥ በምዕራብ አፍሪካ ጀምቤ የሚባለው አንድ አፍ ያለው መሣሪያ በእጅ ይመታል። በደቡብ ሕንድ ደግሞ ምሪዳንጋም የሚባለው አለ፤ እርሱ እንደኛው ሁለት አፍ ያለው፥ የአፎቹም ስፋት የተለያየ፥ በሁለት እጅ የሚመታ ነው። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በአንድ ገላ ላይ ማስማማት እጅግ በተራራቁ ሕዝቦች ዘንድ የተገኘ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ለማኅሌት ሥርዓት ያዋለችው ግን የኛ ቤተ ክርስቲያን ናት።

ዝም የሚልበት ጊዜ

ከበሮን የሚያስከብረው መመታቱ ብቻ አይደለም፤ ዝም ማለቱም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ በጾመ ድጓ የሚቆመው ማኅሌት በመቋሚያ ብቻ ይሆናል። በየበዓሉ ሲያስተጋባ የነበረው ሸለቆም ያን ድምፅ ያጣዋል። የገጠር ሕፃናት የጾሙን መግባት የሚያውቁት ከማዕዱ ለውጥ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ዝምታም ነው። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ፥ ሳምንታት የጠበቀው ጆሮ ደስታውን ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል። ሌሊትና ቀን የሚጮህ ነገር እንዲህ ያለ ደስታ ሊሰጥ አይችልም፤ መታቀብ የሌለበት ድምፅ ጆሮን ያሰለቻልና።

ለቤተሰብ የቀረበ አደራ

እንግዲህ የሚያሳስበው ነገር ይህ ነው። ዛሬ በብዙ ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ተተክሎ የተቀዳ ዘፈን ይለቀቃል፤ የከበሮውን ምት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጣዋል። ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ ጐልቶ ይሰማ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ቤት አንዲትም ሴት ከበሮ አላነሣችም፥ አንዲትም ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ አልተማረችም። ማኅሌትም በስልክ ተቀርጾ በየቤቱ ይሰማል፤ ይህ ለታመመና ለራቀ ሰው መልካም ነው። ሆኖም የተቀረጸው ድምፅ የሚያሰማው የተማረውን ሰው ነው እንጂ የሚማረውን አያርመውም። «ጆሮህ ቀረብህ» የሚለው መምህር በስልክ ውስጥ የለም።

የአብነት ትምህርት ቤቱም ችግር አለበት። ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት በቍራሽ እንጀራና በቆሎ ይሠራል፤ ተማሪው ከወላጁ ርቆ፥ አኩፋዳውን ይዞ፥ በየደጁ እየለመነ ይማራል። በችግርና በጦርነት ዘመን የመንደሩ ሰው ለራሱ ሲያጣ፥ ተማሪውም ያጣል። ዋንዛውም ለሳንቃና ለማገዶ ተቈርጦ ምትኩ ካልተተከለ፥ ነገ ከበሮ የሚጠርብ ሰው ወፍራም ግንድ ፍለጋ ሩቅ መሄዱ አይቀርም።

ለዚህ የሚሆነው ሥራ ከቤተሰብ ዐቅም በላይ አይደለም። በዓመት ውስጥ ጥቂት ሌሊት እንኳ ልጆችን ቀስቅሶ ወደ ማኅሌት መውሰድ፥ ከቁሙ እስከ ጽፋቱ ያለውን ሥርዓት እያሳዩ ማስረዳት ይቻላል። ለደጅ የቆመውን ተማሪ በባዶ አለመመለስ ይቻላል። ልጅ ሲዳር ድምፅ ማጉያውን ለጥቂት ሰዓት ጸጥ አድርጎ፥ ከበሮውን ለአክስቶችና ለጎረቤት መስጠት፥ ትንሿንም ልጅ አጠገባቸው ማስቀመጥ ይቻላል። በወይና ደጋ የሚኖር ሰው በጓሮው አንድ ዋንዛ ቢተክል፥ ጥላውን እርሱ፥ ግንዱን የልጅ ልጁ ይጠቀምበታል።

የከበሮ ቆዳ ቢቀደድ በሌላ ቆዳ ይለወጣል፤ ጠፍሩ ቢበጠስ እንደ ገና ይታሰራል፤ ገላው ቢሰነጠቅ ሌላ ይፈለፈላል። ከሊማሊሞ ሥር ያለው አገር ብዙ መከራ አይቶ ብዙ ነገሩን ጠግኗል። የሚመታው እጅ ሳያስተምር ካለፈ ግን ያን የሚጠግን ባለሙያ አይገኝም። ስለዚህ የሚያውቁ እናቶችና መምህራን በሕይወት ሳሉ፥ ልጆቻችን ከአጠገባቸው ይቀመጡ።